ምዕራፍ 7፦ አውድማና ጎተራ

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የቢቸናና የሞጣ ገበሬ አሻፈረኝ አለ። እምቢታው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ከነዚያ መካከል አንዱ ለዚህ ምዕራፍ በር ይከፍትልኛል። በአዋጁ መሠረት የገበሬውን ምርት የሚገምቱ ሰዎች ይመጣሉ። ገማቹ ማሳውንና ክምሩን በዓይኑ አይቶ "ይህን ያህል ታገኛለህ፤ ስለዚህ ይህን ያህል ትከፍላለህ" ሊል ነው። ገበሬው ዛሬ ግምት የተባለው ነገ የመሬት ልኬት ይሆናል፣ ልኬቱም ርስቴን ይወስድብኛል ብሎ ሠጋ። አመፁ እየሰፋ ሄደ፤ መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፤ መንግሥቱም ወደ ኋላ ለማለት ተገደደ።

የዚያ ዘመን ጥያቄ ከግብር የሰፋ ነበር፦ በአንድ ሰው ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ማን ያውቃል? አውድማ ላይ የተበራየውን ጤፍ መንገደኛም ያየዋል። ምርቱ ተሰፍሮ ጎተራ ከገባ በኋላ ግን የቀረውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ስንት ቁና ለዘር እንደተቀመጠ፣ ስንቱ ለዕዳ እንደሚሄድ፣ ቤተ ሰቡ ክረምቱን በምን እንደሚዘልቅ ከውጭ አይታይም። ባለቤቱም ቢሆን ሁሉን አያይም። ክምሩ ከጎረቤቱ ክምር ማነሱን፣ ማሳው ከሌላው ማሳ መዘግየቱን መንገደኛው ቀድሞ ሊያስተውል ይችላል።

ይህ ምዕራፍ ኦቲዝም ስላለባቸው አዋቂዎች ነው። ስለ እነርሱ ሁለት ዓይነት ምስክርነት እንሰማለን። አንደኛው ራሳቸው የሚሰጡት፣ ሁለተኛው እናት፣ ወንድም፣ ሚስት ወይም ባል፣ ጎረቤትና አስተማሪ የሚሰጡት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። አለመግጠማቸው ከየት እንደሚመጣና ምን ልናደርግበት እንደሚገባ እንመልከት።

ደም ተመርምሮ የማይታወቅ ነገር

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ አእምሮ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ከሰው ጋር በመግባባት ላይ ይታያል፤ አንድን ነገር በመደጋገም፣ በተለመደ ሥርዓት አጥብቆ በመጓዝ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታና ለንክኪ ከሌላው ሰው የበለጠ ወይም ያነሰ ስሜት በማሳየት ይገለጣል። ልጅ ሲያድግ አብሮ ያድጋል እንጂ አይጠፋም። የዛሬው የሦስት ዓመት ሕፃን ነገ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ ከዚያም ሽማግሌ ይሆናል።

ወባ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ የተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ የለም። ሐኪሙ በእጁ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረው፣ ሌሎች ስለ እርሱ የሚናገሩት፣ ሐኪሙ ራሱ ተቀምጦ የሚያየው። ሦስቱም በሰው ዓይንና በሰው ቃል ያልፋሉ። ስለዚህ "የማን ቃል ይታመን?" የሚለው ጥያቄ አንድ ሰው እርዳታ ማግኘት አለማግኘቱን ሊወስን ይችላል።

የአባት ደብዳቤ፣ የእናት ጩኸት

የኦቲዝም የሕክምና ታሪክ የሚጀምረው በሌላ ሰው ምስክርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር አንድ አባት ስለ ልጁ 33 ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ባልቲሞር ለሚገኘው ሐኪም ለሊዮ ካነር ላከ። ልጁ ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያው ዶናልድ ነበር። ዶናልድ አድጎ በባንክ ሠራ፣ መኪና ነዳ፣ ብዙ አገር ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ዓለም እርሱን ያወቀው ግን በቅድሚያ በአባቱ ብዕርና በሐኪሞቹ ማስታወሻ ነው።

ከውስጥ የመጣው ቃል ብዙ ዘግይቶ ደረሰ። ከቀደሙት መካከል አሜሪካዊቷ ቴምፕል ግራንዲን እ.ኤ.አ. በ1986 የራሷን ሕይወት ጽፋ አሳተመች። የሌሎችን እቅፍ እየፈለገች ንክኪው ግን እንደሚያጥለቀልቃት ተናገረች። ከብት ሲከተብ ከግራና ከቀኝ ይዞ የሚያረጋጋውን መያዣ አይታ ለራሷም ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርታ ነበር። ከውጭ ለሚያያት እቅፍ የምትሸሽ ልጅ ናት። ከውስጥ ሲሰማ ግን እቅፍ የምትናፍቅ፣ ልኩን ራሷ መወሰን የምትፈልግ ልጅ ነበረች። ይህን ሊነግረን የሚችለው የጎተራው ባለቤት ብቻ ነው።

በአገራችንም መንገዱን የጠረገው የወላጅ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ የራሳቸውን መንገድ ፈለጉ። በ1994 ዓ.ም. ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች ከመናገር አልቦዘኑም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከወላጆች ጥረት የተወለደ ነው። እነዚህ እናቶችና አባቶች ባይጮኹ ኖሮ "ኦቲዝም" የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ጆሯችን አይደርስም ነበር። ምስጋናው ለእነርሱ ነው።

የአገራችን ጥናትም በዚሁ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀዋል። አሳዳጊዎቹ የሕክምናውንም የመንፈሱንም ምክንያት አብረው ይጠቅሱ ነበር፤ መገለልም ሲያቆስላቸው ታይቷል። ጥናቱ አስፈላጊ ነው፤ ምስክሮቹ ግን አሳዳጊዎቹ ናቸው። ጆይ ሲከፈት ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ሠላሳውን አልፏል። አሁን የእርሱ የራሱ ቃል ተራው ደርሷል።

ሁለት መስካሪ፣ አንድ ሰው

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሰው ሲጠየቁ ምን ያህል ይስማማሉ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ አኬንባክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ልጆችና ወጣቶች ጠባይ የተሠሩ 119 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ፍጹም ስምምነት 1 ቢባል፣ እንደ እናትና አባት ያሉ በአንድ ስፍራ የሚያዩ ሰዎች ስምምነት 0.60 ሆነ። እንደ ወላጅና አስተማሪ ያሉ በተለያየ ስፍራ የሚያዩት ወደ 0.28 ወረደ። በልጁ በራሱና በሌሎቹ መካከል ያለው ደግሞ 0.22 ብቻ ነበር። ይህ ስለ ኦቲዝም ብቻ የተገኘ ውጤት አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ነገር ነው። አስተማሪው ልጁን ክፍል ውስጥ ያየዋል፣ እናቱ እሳት ዳር፣ እርሱም ሌሊት ብቻውን ሲሆን ራሱን ያውቃል። ሦስቱም እውነት ይናገራሉ።

ታዲያ ማን ምኑን ያውቃል? ሲሚን ቫዚሬ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 በ165 ሰዎች ላይ ባደረገችው ጥናት ግልጽ የሆነ ክፍፍል አገኘች። ጭንቀትንና ውስጣዊ ስሜትን የበለጠ የሚያውቀው ሰውየው ራሱ ነው። ብልህነትንና የፈጠራ ችሎታን ወዳጆቹ የበለጠ ያውቁለታል፤ እነዚህ ክብርን የሚነኩ ስለሆኑ ስለ ራሳችን ስንፈርድ ዓይናችን ይታወራል። ተናጋሪነትን የመሰለ ለሁሉ የሚታይ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል። በእኛ ቋንቋ ብንለው አንዱ የጎተራ፣ ሌላው የአውድማ ዕውቀት ነው።

ኦቲዝም ባለባቸው አዋቂዎች ላይም ይኸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 60 ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎችና እናቶቻቸውን ስለ አንድ ነገር ለየብቻ ጠየቀ፦ ኑሮው እንዴት ነው? የእናቶቹ መልስ የተያያዘው ልጃቸው የዕለት ተግባሩን ራሱ ከመቻሉና ከአካል ጤንነቱ ጋር ነበር። ልብሱን ራሱ ከለበሰ፣ ምግቡን ራሱ ከሠራ፣ ጤነኛ ከሆነ ኑሮው ደህና ነው። አዋቂዎቹ የመለሱት መልስ ግን ከሚሰማቸው ውጥረትና በሰው ከመበደላቸው ጋር ተያያዘ። እናት እጁን አየች፤ ልጁ ልቡን ተናገረ። አንዳቸውን ብቻ ጠይቀን ብንመለስ ኖሮ የኑሮውን ግማሽ ሳናውቅ በቀረን ነበር።

ከውጭ የማይታየው

አሁን ሁለት ሰዎችን በሐሳቤ ልሥራ። በስም የማውቃቸው ሰዎች አይደሉም፤ ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የፈጠርኳቸው ናቸው።

አንደኛው በቢቸና አካባቢ የሚኖር የ38 ዓመት ገበሬ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከብት የሚያግደው በአንድ መንገድ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋበት ቀኑ ሙሉ ይበላሽበታል። ሰርግ ሲጠራ ይሄዳል፤ ዳሱ ውስጥ ግን ብዙ አይቆይም። እናቱን ብትጠይቁ "ጭምት ልጅ ነው፣ ምንም የለበትም" ትላለች። ወንድሙን ብትጠይቁ "ግትር ነው፣ ሰው አይወድም" ይላል። እርሱን አጠገቡ ተቀምጣችሁ በእርጋታ ብትጠይቁት "ከበሮውና እልልታው ጆሮዬን እንደ መርፌ ይወጋኛል፤ ሰዎቹንስ እወዳቸዋለሁ" ይላችኋል። የአንድ ሰርግ፣ የአንድ ሰው፣ ሦስት ምስክርነት ነው።

ጭምትነት በጎጃም ምስጋና ነው። ታላቅን ትክ ብሎ አለማየትም ጨዋነት ነው። ስለዚህ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የኦቲዝም ምልክት ተብሎ የሚቆጠረው ዓይን ለዓይን አለመተያየት እኛ ዘንድ ከመልካም አስተዳደግ ጋር ይቀላቀላል። የውጭ መመዘኛ ይዞ የመጣ ባለሙያ ኦቲዝም የሌለበትን ሊጠረጥር፣ እናትም እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ "ጨዋ ነው" ብላ ልታልፍ ትችላለች። ሁለቱም ከአውድማው ዳር ቆመው ነው የሚገምቱት።

ሁለተኛዋ በሞጣ ከተማ የምትኖር ሴት ናት። ለቅሶ ትደርሳለች፣ ቡና ትጣራለች፣ ማኅበር ትወጣለች። ጎረቤት ሁሉ "ደርባባ" ይላታል። እርሷ ግን የምትለውን ሁሉ አስቀድማ አጥንታለች። "እግዜር ያጽናችሁ"፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ"፣ "እንዴት ሰነበታችሁ" የሚባልበትን ጊዜ፣ ስንቴ እንደሚደገም፣ መቼ እንደሚሳቅ ሌሎችን እያየች ለዓመታት ቆጥራ ይዛለች። ቤቷ ስትገባ መስኮቱን ዘግታ እስኪመሽ ትተኛለች። ይህን ማንም አያይም።

ተመራማሪዎች ይህን መደበቅ ወይም መሸፈን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች እንዴት እንደሚሸፍኑ ራሳቸውን ጠይቆ ጻፈ፤ ብዙዎቹ ድካሙ ሰውነታቸውን እንደሚጨርሰው ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የመሸፈኑን ልክ የለኩት ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረውን ሐኪሙ በዓይኑ ካየው ጋር አነጻጽረው ነው። ራሱ "በጣም ይከብደኛል" ሲል፣ ከውጭ ግን ጥቂት ብቻ ሲታይ፣ በመካከል ያለው ልዩነት የተሸፈነው ሸክም ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ይህ መሸፈን ሕይወትን ለማጥፋት ከማሰብ ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳየ። እንግዲህ የሁለቱ ምስክሮች አለመግጠም እንደ ስሕተት ተቆጥሮ መሰረዝ የለበትም። ልዩነቱ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ አንዳንዴም ሕይወት የሚያድነው እርሱ ነው።

የእኛ ባህል በዚህ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለው። ሰላምታችን፣ ምርቃታችን፣ ማጽናኛችን፣ የእንኳን ደስ አላችሁ ቃላችን ሁሉ ቅርጽ ያለው ነው። ማኅበራዊ ኑሮ የሚከብደው ሰው ቃሉን ከራሱ ማፍለቅ ሳያስፈልገው ተምሮ ሊለው ይችላል። ይህ መልካም መደገፊያ ነው። መልካሙ መደገፊያ ግን መጋረጃም ይሆናል፤ ቃሉ ትክክል ሆኖ ስለተሰማ ሰውየው ምን ያህል እንደደከመ አንጠይቅም።

ከውስጥ የማይታየው

"እንግዲያው ራሱን ብቻ እንጠይቅ" ብንልም ሌላ ገደል አለ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ከተወለደ ጀምሮ የገበያ ጩኸት እንደ መርፌ የሚወጋው ሰው ሌላውንም እንደዚያው የሚወጋው ይመስለዋል። "ድምፅ ያስቸግርሃል?" ሲባል "እንደ ማንም ሰው" ብሎ ይመልሳል። አልዋሸም። የሌላ ሰው ጆሮ ኖሮት አያውቅም።

በተጨማሪም ስሜትን ለይቶ መሰየም የሚያስቸግራቸው አሉ። ፒተር ሲፍኔዎስ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን አሌክሲታይሚያ ብሎ ሰየመው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ እንዳሳየው ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ አለባቸው፤ ከሌላው ሰው ግን ከ100 አምስት ያህሉ ብቻ። እንዲህ ያለውን ሰው "ተከፍተሃል?" ብሎ መጠየቅ ቀለም ለማይለይ ሰው ቀይና አረንጓዴ ክር እንደ ማቅረብ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ያግዘናል። አማርኛ ስሜትን በአካል የሚናገር ቋንቋ ነው፦ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ልቤ ተሰቀለ እንላለን። ከስሜቱ ስም ይልቅ ከአካል መጀመር ይቻላል። "ደረትህን ያጣብቅሃል? እጅህን ያልብሃል? እንቅልፍ ስትተኛ ምን ትሆናለህ?" ሲባል መልስ ያገኛል።

ጥያቄውም የራሱ ዕዳ አለው። በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው የራስ መግለጫ መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የታተመው የኦቲዝም መመዘኛ ነው፤ 50 ጥያቄ አለው፣ 32ና ከዚያ በላይ ያገኘ ለምርመራ ይታሰባል። ከጥያቄዎቹ መካከል ከቲያትርና ከሙዚየም የትኛውን እንደምትመርጥ፣ የመኪና ታርጋ ቁጥር ታስተውል እንደሆነ የሚጠይቁ ይገኙበታል። ሙዚየም ገብቶ የማያውቅ ገበሬ ምን ብሎ ይመልስ? የቁጥር ፍቅሩ ያለው በታርጋ ላይ ላይሆን ይችላል፤ የሰፈሩን በሬ ሁሉ በቀንዱና በጠባሳው፣ የወሩን በዓል ሁሉ በቀኑ ይዞ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ "እንዴት ነህ?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" የምንል ሰዎች ነን። የታመመውም፣ ያዘነውም፣ የተራበውም መጀመሪያ ያመሰግናል። የሆድን በሆድ መያዝ ትልቅነት ነው። በአጭር ጥያቄ የመጣ "ደህና ነኝ" የሰላምታ መልስ እንጂ የጤና ምስክርነት አይደለም።

እናት የምታስታውሰው

ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምር ስለሆነ ሐኪም አዋቂውን ሲመረምር የልጅነቱን ነገር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመውና ብዙ የሚሠራበት የወላጆች ቃለ መጠይቅ በተለይ ልጁ አራትና አምስት ዓመት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። አዋቂው ራሱ የሦስት ዓመት ጠባዩን ሊያስታውስ አይችልምና የእናት ቃል የማይተካ ነው።

ነገር ግን ሰባት ልጅ ያሳደገች እናት የአራተኛው ልጇ የመጀመሪያ ቃል ከ30 ዓመት በኋላ በየትኛው ወር እንደወጣ ስትጠየቅ ምን ትበል? በወርና በዓመት ከተጠየቀች ትገምታለች። በራሷ የዘመን አቆጣጠር ከተጠየቀች ግን ብዙ ታስታውሳለች። "ደርግ በወደቀ ዓመት ይራመድ ነበር? ታናሹ ሲወለድ ምን አለ? በጥምቀት ሕዝቡ መካከል ስትወስጂው ምን ያደርግ ነበር?" ሲባል ትዝታው ይመጣል። የሌላ ሰው ምስክርነትም እንደ ራስ ምስክርነት ሁሉ የሚቃናውና የሚበላሸው በጠያቂው ነው።

የቡታጅራ ትምህርት

በአገራችን "ባለቤቱን እንጠይቅ ወይስ የአካባቢውን ሰው?" የሚለው ጥያቄ በታላቅ ስፋት ተፈትኗል፤ ስለ ኦቲዝም ሳይሆን ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎችን ስለ ራሳቸው ጠየቁ። ጎን ለጎንም አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች መርጠው "እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው በቀበሌው አለ?" አሏቸው።

ሁለቱ መንገዶች እኩል ሰው አላገኙም፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ያገኝ ነበር። የአካባቢው ሰው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ለይቶ በመጠቆም በረታ፤ ከሰው ተለይቶ ዝም ያለው ሕመምተኛ ስለ ራሱ ብዙ ባይናገርም ጎረቤት ያየዋልና። በስሜት ላይ የሚደርሰውን ሕመም በማግኘት ግን የራስ ቃል ይሻል ነበር፤ ከጎረቤት ዓይን የተሰወረ ነውና። በቤተ ሙከራ ሳይሆን በእኛው ገጠር፣ በእኛው ሰው አንደበት የተገኘ ትምህርት ነው። ለኦቲዝምም መንገድ ያሳያል፦ አንዱን መስካሪ በሌላው መተካት ሰው ያስቀራል፤ ሁለቱን ማሰማት ሰው ያስገኛል።

አፍ ለሌለው ማን ይናገር?

ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች ጥቂት የማይባሉት በቃል አይናገሩም ወይም በጥቂቱ ይናገራሉ። ለእነርሱ የቤተ ሰብ ምስክርነት የግድ ነው። ቢሆንም የማይናገር ሰው ምንም የሚለው የለውም ማለት አይደለም። በሥዕል ካርድ፣ በመጠቆም፣ በስልክ ጽሑፍ፣ እሺና እምቢ በሚል ምልክት ብዙ ይገልጻል። ፊቱን አዙሮ የሚሸሽበት ምግብ፣ እጁን የሚነክስበት ሰዓት፣ የሚረጋጋበት ጥግ ሁሉ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ዓለም በብርቱ የተማረበትን አንድ ስሕተት ላንሣ። ከአውስትራሊያ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተስፋፋ አንድ ዘዴ ነበር። ረዳቱ የማይናገረውን ሰው እጅ ይዞ ፊደል ያስጠቁመዋል፤ ረጃጅም ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ወላጆች ልጃቸው የተናገረ መስሏቸው አለቀሱ። ፈተና ሲደረግ ግን ሰውየው ያየውን ሥዕል ረዳቱ ካላየው ትክክለኛው መልስ አይመጣም ነበር። የሚወጣው ቃል የረዳቱ ነበር፤ ረዳቱም ራሱ አያውቀውም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ዘዴው በሳይንስ ያልተረጋገጠ መሆኑን አስታወቀ። የሌላውን ቃል የራሱ አስመስሎ ማቅረብ በፍቅርም ቢደረግ ባለቤቱን ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማሰኘት ነው።

እንዴት እንጠይቅ?

በመጀመሪያ ተውላጠ ስማችንን እናርም። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ ይገባል። ባለሙያው በእድሜው ላለ ሌላ ሰው "እርስዎ" ይላል፤ እርሱን ግን "አንተ" ይለዋል፤ ይባስ ብሎም ወደ እናቱ ዞሮ "ይበላል? ይተኛል? ይቆጣል?" እያለ እርሱ በሌለበት ያህል ያወራል። ከዚያ በኋላ ስንት ጥሩ መጠይቅ ቢቀርብ የሚመጣው ምስክርነት የእናትየዋ ብቻ ይሆናል። "ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" የሚል አንድ ጥያቄ የምርመራ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ለየብቻ እንጠይቅ። በቤተ ሰብ ፊት የሚከብድ ነገር ለብቻ ይነገራል፤ እናትም ልጇ ሳይሰማ የምትለው አላት። ሦስተኛ፣ ጥያቄው የሚጨበጥ ይሁን። "ከሰው ጋር ትግባባለህ?" ከማለት "ባለፈው ገበያ ቀን ከቤት ወጥተህ እስክትመለስ ምን ምን ሆንክ?" ይሻላል። አራተኛ፣ ጊዜ እንስጥ። ዝም ሲል መልስ የለውም ብለን ሌላውን አንጠይቅ፤ መጻፍ የሚመርጥ ይጻፍ። አምስተኛ፣ ሁለቱ ምስክርነቶች ሲለያዩ አማካኝ አንውሰድ፤ ማን ትክክል ነው ብለንም አንፍረድ። "ወንድምዎ ሰው አይወድም ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ሰዎቹን እወዳለሁ ብለዋል። እስቲ ይንገሩኝ" እንበል። እውነቱ ያለው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ታሪክ ውስጥ ነው።

ይህን ለማድረግ ልዩ ሐኪም መጠበቅ አያስፈልግም። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ አስተማሪዎች፣ የንስሐ አባቶች፣ የዕድር ዳኞች ሁሉ ይችላሉ። ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባት የሁለት ወገን ነው፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው እኛን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ እኛም እርሱን ለመረዳት እንቸገራለን። እርሱ ዕድሜ ልኩን የእኛን ቋንቋ ሲያጠና ኖሯል። እኛ ገና አልጀመርንም።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። ጤፍ በጎተራ ዓመታት ይቆያል፤ ነቀዝ አይደፍረውም። ሳይነገር የቀረ የሰው ሥቃይ ግን ጤፍ አይደለም፤ ይነቅዛል። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ከደጅ ቆሞ የሚገምተውን ሰው እምቢ አለ፤ የቤቱን ልክ የሚያውቀውም ራሱ ነበር። በቤታችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ እንዲህ ያለ አዋቂ ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡና ስለ ራሱ እርሱን ጠይቁት። ከዚያም ተቻኩላችሁ ሌላ ቃል ሳትጨምሩ መልሱን ጠብቁ።